የአማቼ ስልክና የእኔ ኮምፒውተር የተጋጠሙ ዕለት

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እውነቱ የሚያኮራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከመቂ እስከ ባቱ ባሉት የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻዎች የውሃ ፓምፕ ስጠግን ነው። ፓምፕ የገባው ሰው ሬዲዮ ይገባዋል፤ ሬዲዮ የገባው ቴሌቪዥን ይገባዋል፤ ቴሌቪዥን የገባው ኮምፒውተር ቢፈታ አይገርምም። እኔ ፈትቻለሁ። መልሼም ገጥሜያለሁ። የተረፈችኝ አንዲት ብሎን ብቻ ነበረች፤ ያለ እሷም ስለሠራ መጀመሪያውኑ አታስፈልግም ነበር ማለት ነው።

አዳማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጥግ የቆመው ዴስክቶፕ የእጄ ሥራ ነው። ሳጥኑን ከአንዱ፣ ፕሮሰሰሩን ከሌላው፣ ማራገቢያውን ከሦስተኛው ገዝቼ ራሴ ገጣጠምኩት። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ ማሰቢያ ነው። ከብስኩት የማይበልጥ ነገር ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እንደ ካውያ ይግላል። ስለዚህ በላዩ ላይ ብረት፣ በብረቱ ላይ ማራገቢያ ይቀመጥለታል። ይህን ፓምፕ ነው ያስተማረኝ። ሞተር አየር ካላገኘ፣ ጉልበቱ የአንበሳ ቢሆን እንኳ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይለግማል።

ባለቤቴ ኮምፒውተሩን አትጠላውም። የምትፈልገው የቆመበትን ጥግ ነው። ለብርጭቆዎቿ ባለ መስታወት ቡፌ ልታስገባ አስባ ሳሎኑን በክንዷ ለክታ ጨርሳለች፤ ቡፌው የሚያምረው እዚያ ጥግ ላይ ብቻ እንደሆነም ወስናለች።

«ይሄን ሳጥን ለልዋጭ ስጠውና ቢያንስ ሁለት ሳፋ እናግኝበት» ትለኛለች።

«ሳፋ ያስባል?» እላታለሁ።

«አንተስ አስበህ ምን አተረፍን?»

ይሁን እንጂ ልትጥለው ላሰበችው ዕቃ እንኳ ዳንቴል ሠርታለታለች። በቤታችን ዳንቴል ያልለበሰ ነገር እኔ ብቻ ነኝ። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የሶፋው ክንድ፣ የጋዙ ሲሊንደር ሳይቀር በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ልብስ አላቸው። የኮምፒውተሩ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሳጥኑ ረዥምና ጠባብ ስለሆነ ዳንቴሉም እንደ ትልቅ ካልሲ ከላይ ወደ ታች የሚጠልቅ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ጭራዋን የዘረጋች ጣዎስ አለችበት። ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ከቁም ሳጥን የሚወጣው ለክቡር እንግዳ ብቻ ነው።

ክቡር እንግዳችን አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። ዱከም ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ መሐንዲስ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔን ሲያነጋግር አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ጉድለቱ አዲስ ስልክ መግዛቱ ነው። አንድ እሑድ ምሳ በልተን እንዳበቃን ስልኩን ከኪሱ አወጣና እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ የዛሬ ስልክ ፕሮሰሰር ከብዙ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ይበልጣል» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«መፈተኛ አፕ አለ። ፕሮሰሰሩን ይፈትንና ነጥብ ይሰጣል። ይኸው የእኔ ስልክ ያገኘው። ይኸው ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ዴስክቶፕ የሚያገኘው።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ነጥቡ እውነትም ይበልጣል።

«ፈታኙ ማነው?» አልኩ።

«ስልኩ ነው።»

«ተፈታኙስ?»

«እሱው ስልኩ።»

«አራሚውስ?»

ስልኩን አገላብጦ አየ።

«ልጄ፣ እኔም እንዲህ ቢመቻችልኝ ኖሮ ስድስተኛ ክፍል ላይ አልቆምም ነበር» አልኩት።

ባለቤቴ ሳህን ማንሳቷን ትታ ቀና አለች። «ቆይ፣ ስልኩ ይበልጣል ነው የምትለኝ፣ የኔ ጌታ?» ስትል ዓይኗ ውስጥ የቡፌው መስታወት ሲያብረቀርቅ ታየኝ።

«በነጥብ ይበልጣል፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ያ ሳጥን ለምን ይቆማል?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባኝ እጄን አነሳሁ። «ስማ ልጄ። ባዶ ባጃጅ ከአዳማ እስከ ደራ ከጭነት መኪና እኩል ሊሮጥ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ከደራ ወዲያ፣ የአሰላን ዳገት ሲይዙ፣ ያውም ሽንኩርት ተጭኖ ነው። ስልክ ለአጭር ሥራ ፈጣን ነው፤ አልክድም። ግን ሰውነቱ ቀጭን ነው፤ ማራገቢያ የለውም፤ የሚበላውም ከባትሪ ነው። ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ዴስክቶፕ ከግድግዳ ይበላል፣ በማራገቢያ ይተነፍሳል። ነጥብህን ተወውና ዳገት ስጣቸው!»

ዳገቱ ተገኘ። የአማቼና የልጄ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ልጄ ለባሏ ዘመዶች ልትልከው መጠኑን ማሳነስ ፈልጋ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቪዲዮ ደግሞ ከግዙፍነቱ የተነሣ ማንኛውንም ፕሮሰሰር ላብ ያስወጣዋል። ሁለቱም ማሽኖች አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ እንዲያሳንሱ ተስማማን። ስልኩ ከቀደመ ኮምፒውተሩ ለልዋጭ ይሄዳል፤ ጥጉም የቡፌ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከቀደመ የጥጉ ነገር ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት አይነሳም። ባለቤቴ መሐላ ስለማትወድ «እሺ» አለች፤ የእሷ እሺ ከመሐላ ይከብዳል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተገናኘን። ፀሐይዋ ጣሪያውን ታንገበግበዋለች። ዳኛ የሆነን ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። ስለ ኮምፒውተር ምንም ስለማያውቅ አድልዎ የለበትም። «አካም ጅርቱ!» ብሎ ሲገባ ቤቱ ሞላ።

«ኦቦ ኢንጂነር፣ ዛሬ በኪስ ዕቃ ልትሸነፍ ነው አሉ» አለኝ።

«ተቀመጥና ተማር» አልኩት።

ተቀምጦም ሕግ አወጣ። «ከተጀመረ በኋላ ማንም ቁልፍ አይነካም። መብራት ቢጠፋ ውድድሩ ይደገማል። ዳኛን መስደብ አይቻልም፤ ዳኛው ግን መሳደብ ይችላል።» መብራቱም ይህን የሰማ ይመስል ያን ቀን ብልጭ እንኳ ሳይል ዋለ።

እኔ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትቼ አወጣሁት፤ አየር እንደ ልብ ይግባለት ብዬ ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት ከልምድ ነው የሚመጣው። ሽቦው፣ ብረቱ፣ ማራገቢያው ሁሉ ወለል ብሎ ታየ።

«ሆድ ዕቃው ወጣ እኮ!» አለች ባለቤቴ። «አማች ፊት?»

«ተይው፣ ይተንፍስ።»

ጎረቤታችን እጁን አነሳና፣ ረዳት ለሾፌር እንደሚጮኸው «ሳበው!» አለ። ሁለታችንም ተጫንን።

ሁለቱም ማሽኖች እየሠሩ የደረሱበትን ቦታ በምስል ያሳያሉ፤ ስለዚህ ውድድሩን መከታተል ሠርጉን እንደገና መታደም ሆነ። መጀመሪያ ላይ ስልኩ እንደ ጥይት ተፈተለከ። በእሱ ላይ ሙሽራዋ ከቤት ወጥታ መኪና ስትገባ፣ በእኔ ላይ ሚዜዎቹ ገና በር ተዘግቶባቸው ይለማመጣሉ።

«አስገቧቸው እንጂ!» አለ ዳኛው ወደ ኮምፒውተሬ እየጮኸ።

«እሱ አይደለም የዘጋው፤ የእኔ እህቶች ናቸው» አለች ባለቤቴ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና «ወይ ጉድ፣ ያን ቀን ቀሚሴ እንዲህ ያምር ነበር?» አለች። ስልኩን መውደድ እንደጀመረች አወቅሁ።

አማቼ ጨዋነቱን ሳይለቅ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ዳገቱን የማውቀው እኔ ነኝ። በዚህ መካከል የቤቱ ቬንቲሌተር ወደ ማን ይዙር የሚል ክርክር ተነሳ። አማቼ ወደ ስልኩ፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ አልን። ዳኛው ጥቂት አሰበና ወደ ራሱ አዞረው። «ዳኛ ከጋለ ፍርድ ይጣመማል» አለ።

ኬኩ ላይ ሲደርስ ስልኩ ለገመ። አማቼ በሙሽራ ልብሱ ቢላዋውን ወደ ላይ አንስቶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጠበቅን። ቢላዋው በጣት ስፋት ወረደ። ጠበቅን። የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ግን ሽው እያለ ሙሽሮቹን ከቤት አውጥቶ፣ መናፈሻው ውስጥ ፎቶ አስነስቶ፣ ወደ አዳራሹ ገሰገሰ።

«ስልክህን ንካው» አልኩት።

ነክቶ እጁን መለስ አደረገ።

«ጋለ?»

«ትንሽ ሞቅ ብሏል፣ አባባ።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለኝም። ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ሙቀት፣ ስለ መቂ ፓምፖች፣ ሦስት ባለሙያ ያቃተውን ሞተር ከላዩ ላይ የተከመረውን ገለባ ብቻ አንስቼ እንዴት እንዳስነሳሁት አስረዳሁ። ማስረዳት ስጀምር ጥሩ እንደማስረዳ ሁሉም ይመሰክራል። አማቼ አንገቱን ሰብሮ ያዳምጣል፤ ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ባለቤቴ ከኋላዬ ወዲያ ወዲህ ስትል ይሰማኝ ነበር። ንግግሬ መካከል ላይ «አማረ?» አለችኝ። እኔም ዞር ሳልል «አማረ» አልኩና ቀጠልኩ።

ወዲያው ኮምፒውተሬ ስልኩን ደረሰበት። ሁለቱም ላይ ኬኩ ታየ፤ ሁለት አማች፣ ሁለት ቢላዋ። «አለፈ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ሽው ማለቱን ትቶ ወፍጮ ቤት ሆነ። ከዚያ በእኔም ላይ ቢላዋው አየር ላይ ቀረ።

ዳኛው ዓይኑን ገለጠ። «ኦቦ ኢንጂነር፣ የአንተም መኪና ዳገቱ ላይ ቆመች።»

«አትቆምም። ማርሽ እየቀየረች ነው» አልኩ። ሁለት ሳፋዎች ግን ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ።

አማቼ ይህን ሲያይ ነፍስ ዘራ። ስልኩን በመሐረብ ይዞ ተነሳና «ጋሼ ዳኛ፣ ቁልፍ ሳልነካ ፍሪጅ ውስጥ ባስገባውስ?» አለ።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አልኩ።

ዳኛው አገጩን አሻሸ። «እኔ አዋሽ በረሃ ላይ ራዲያተር ሲፈላብኝ ውሃ አፈስበት ነበር። አጭበርባሪ ያለኝ የለም። ይግባ።»

ስልኩ ፍሪጅ ገባ። የኃይል ገመዱ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ እንደ አይጥ ጭራ ተንጠለጠለ። ባለቤቴ «ከድልሁ አርቀህ አስቀምጠው፣ ልጄ!» ብላ ጮኸች፤ ዘግይታ ነበር። አማቼ በየመሃሉ የፍሪጁን በር ገርበብ አድርጎ «ኬኩን ቆረሰ!»፣ «ጉርሻ ላይ ናቸው!»፣ «ጭፈራው ጀመረ!» እያለ እንደ እግር ኳስ ያስተላልፍልን ያዘ። የእኔው ቢላዋ ግን ከአየር ላይ አልወረደም።

ከዚያ ኮምፒውተሬ አንድ ጊዜ ቃ አለና ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«መብራት ጠፋ! ይደገማል!» አልኩ።

ዳኛው ፊቱ ላይ የሚዞረውን ቬንቲሌተር በጣቱ አሳየኝ።

ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሳጥኑን ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ ያገኘሁት ብረት አልነበረም። ጣዎስ ነበረች። ጭራዋን ዘርግታ፣ አሁን ከካውያ እንደወጣ ጨርቅ ትፋጃለች። ክዳኑን ያወለቅኩበት ጎን፣ ማራገቢያው፣ የአየር መግቢያው፣ መውጫው፣ ሁሉም ከላይ እስከ ታች በዚያ ካልሲ ውስጥ ገብቷል።

«ማነው ያለበሰው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለች ባለቤቴ። «አማች ተቀምጦ ሆድ ዕቃውን ዘርግቶ ይዋል? ደግሞ ጠይቄህ አማረ ብለሃል።»

«እኔ መቼ?»

«ብለሃል» አለ ዳኛው። «ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አልጨፈንኩም።»

ቅድም ገለባ ከሞተር ላይ ማንሳቴን ያስረዳኋቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ግን ልብ በሉ፤ እኔ ያልኩት አንድም አልተሳሳተም። ፕሮሰሰር አየር ካላገኘ ይለግማል ብያለሁ፤ ለገመ። በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል፤ ጠፋ። ኮምፒውተሬ ንግግሬን በተግባር አረጋገጠ እንጂ አልተሸነፈም። ይህንኑ ለዳኛው ስገልጽለት አማቼ ፍሪጁ አጠገብ «ወይኔ!» አለ።

ኮምፒውተሬ ሲጠፋ ያሸነፈ መስሎት ከፍሪጁ ያወጣው ስልክ የአዳማን አየር ሲያገኝ ላቡ ቁልቁል ወረደ። መስታወቱ ጉም ለበሰ። ከቻርጀሩ ቀዳዳ ውሃ ጠብ አለ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። የመጨረሻው ምስል አጎቴ አዳራሹ መሐል እስክስታ ሲመታ ነበር።

«ሩዝ! ሩዝ ውስጥ ይቀበር!» አለ አማቼ።

«የበዓል ሩዜን!» አለች ባለቤቴ፤ ቢሆንም አማች ነውና አንድ ሳህን ሩዝ አመጣች። ስልኩን ቀበርነው። ድልህ ድልህ ይሸት ነበር።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቱም መኪኖች ከዳገቱ አልወጡም። አንዱን ያቆመው ላብ ነው፤ ሌላውን ያቆመው ልብስ ነው። አሸናፊ የለም።»

«አለ እንጂ» አለች ባለቤቴ። ዳንቴሉን ከሳጥኑ ላይ አውልቃ እጇ ላይ አጥፋዋለች። «ይሄ ሁሉ ወሬ የተወራለትን ማሽን ቀጥ ያደረገው የእኔ ዳንቴል ነው። አሸናፊዋ እኔ ነኝ። ጥጉን ስጡኝ።»

ይህ ማንም ያልጠበቀው ክርክር ነው። አማቼ አንገቱን ሰበረ። ዳኛው እንኳ «ነገሩ ሕግ አለው» አለ። ዓይኔ ጣዎሷ ላይ አረፈ።

«እሺ» አልኳት። «ሳጥኑ ይሂድ። ዳንቴሉንስ ምን ላይ ታጠልቂዋለሽ?»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ቤቱ በዕቃ የተሞላ ነው። መጀመሪያ የጋዙን ሲሊንደር ሞከረችው፤ ሲሊንደሩ ወፍራም ነው፣ አንገቱ ላይ ቀረ። ለስታቢላይዘሩ አጠለቀችለት፤ አጭር ነው፣ ጣዎሷ ወለሉ ላይ ተኛች። የጫማ መደርደሪያው አልገባም አለ። ቡፌውን አሰበችና ራሷ ራሷን ነቀነቀች፤ መስታወት ከተሸፈነ ብርጭቆ አይታይ። ዳኛው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ «ለጉልበቴ ይሆን? ሲበርድ ይይዘኛል» ብሎ እግሩን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለት ክረምት የሠራችውን ዳንቴል እጇ ላይ ዘርግታ፣ አንዴ ጣዎሷን አንዴ ሳጥኑን አየች። ያ ረዥምና ጠባብ ሳጥን ከሄደ ጣዎሷ ዘመኗን በቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፋ ልትኖር ነው።

በመጨረሻ መልሳ አጠለቀችለት፤ ጠርዙንም በእጇ ዳበሰችው።

«ይቀመጥ» አለች። «ለዳንቴሉ ስል ነው እንጂ ለአንተ እንዳይመስልህ።»

ለማንም ትበለው፤ ኮምፒውተሩ ቀረ። ቡፌውም አልቀረ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ፤ የቆመው እኔ እቀመጥበት የነበረው ባለ መደገፊያ ወንበር ቦታ ላይ ነው። ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ማሽኔ አልተነሳም። አሁን በርጩማ ላይ ነኝ፤ ለጀርባም ጥሩ ነው ይባላል።

ስልኩም በሩዙ ዳነ። ስለዚህ በሌላ ቅዳሜ፣ ያለ ዳንቴልና ያለ ፍሪጅ፣ ውድድሩን ደገምነው። ስልኩ እንደ ልማዱ ሙሽራዋን ቀድሞ ከቤት አወጣት፤ ኬኩ ላይ ሲደርስ ለገመ። ኮምፒውተሬ ሳይቸኩል አለፈው፤ አጎቴን አስጨፍሮ፣ ሽማግሌዎቹን አስመርቆ ሲጨርስ የስልኩ ሙሽራ ገና ጉርሻ እየተቀበለ ነበር። አማቼ አጨበጨበልኝ። እኔም በትልቅነቴ፣ ለአጭር ጉዳይ ስልኩ እንደሚቀድም በዳኛው ፊት መሰከርኩለት። አሸናፊ ሲለግስ ነው የሚያምርበት።

ባለቤቴ አሁን ሁለተኛ ዳንቴል እየሠራች ነው፤ ንድፉ የእኔ ነው። የማራገቢያው ቦታ ላይ የጣዎሷ ጭራ ዓይኖች ክፍት ቀዳዳ ይሆናሉ፤ አየሩ በእነሱ ይገባል፣ በኋላ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዳንቴል ያሰበ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ እገምታለሁ። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው አይተውታል። ባለቤቴ «እኔ ነኝ ያሰብኩት» ብላቸዋለች፤ ዝም አልኳት፤ ጥጉን ይዤ ንድፉን ብለቅ አልጎዳም።

እሱ እስኪያልቅ የድሮው ከማሽኑ ላይ አይወርድም፤ የሚወልቀው ለሥራ ብቻ ነው። አማቼ ከባድ ቪዲዮ ሲኖረው ለስልኩ ማሸከሙን ትቷል። ከመላኩ በፊት ከዱከም ይደውልልኛል።

«አባባ፣ ደኅና ዋሉ? ራቁቱን ነው?»

«ራቁቱን ነው» እለዋለሁ፤ «ላከው።»